የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ፤ ከስደት በፊትና ከስደት በኋላ



ባለፈው ዓመት በዚሁ በእድራችን መጽሔት ስለ ድሮው የቡና ንግድና ስለ በቅሎ መንገድ ጥቂት ጽፈን ነበር። አንዳንድ አባላት ወደዱልን። ሌሎቹ ደግሞ ሁልጊዜ ስለ ወንድ ብቻ መጻፍ ምንድን ነው፣ የሴት ታሪክ ጠፋ ወይ ብለው ገሠጹን። በተለይ የእድሩን ብርጭቆና ሰሐን የሚጠብቁት እናት በመንገድ ባገኙን ቁጥር ይህንኑ ያነሡብናል፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የአንዲት ሴት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። እኛ ትምህርታችን ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ስናገላብጥ የጨረስን ሰው ስለሆንን፣ አጻጻፋችን እንደ ሊቃውንቱ ባይሆን አንባቢ ይታገሠናል ብለን እናምናለን።

ስለ እሳቸው ለመጻፍ ያነሣሣን ሌላም ነገር አለ። እሱን በቦታው እናወጋዋለን።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ናቸው። እናታቸው ደግሞ የአምባሰሏ ወይዘሮ መነን አስፋው፣ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አባትና እናት ዘውድ ሲጭኑ ልጅቱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያን ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ ዕጣ ፈንታ የታወቀ ነው፤ ዳዊት ትደግማለች፣ ፈትል ትማራለች፣ ከዚያ ለአንድ ደጃዝማች ወይም ራስ ትዳራለች። እሳቸው ግን ከዚህ ሌላ የፈረንጅ ቋንቋ በደንብ ተማሩ። ይህ ቋንቋ ኋላ ምን እንደጠቀመ እናያለን።

ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ዘነበወርቅ ገና በልጅነታቸው ለትግራዩ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተድረው በ1926 ዓ.ም. ሞቱ። በዓመት ተመንፈቁ ጣሊያን ሲመጣ እኚሁ ባል ለጠላት ገቡ። እንግዲህ የቤተ መንግሥት ኑሮ ከሩቅ ሲያዩት ማርና ወተት ይመስላል፤ ውስጡን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። ያኔ በአዲስ አበባ የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቁሞ ነበርና ልዕልት ፀሐይ በ16 ዓመታቸው የዚህ ማኅበር መሪ ሆኑ። ወይዛዝርቱ ተሰብስበው ፋሻ ይቀዱ፣ ለቁስለኛ የሚሆን ልብስ ይሰፉ ነበር። ኋላም የመርዝ ጋዝ ወሬ ሲመጣ ከጨርቅ የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መከለያ ማዘጋጀት ጀመሩ። ለዚያ ክፉ ጭስ ጨርቅ ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሌላ አልነበረማ! በባዶ እግሩ የዘመተው ወታደር እንደ ዝናብ ከአውሮፕላን በሚረጭ መርዝ ቆዳው እየተላጠ ሲወድቅ፣ የተላከለት ይኸው የእናቶች ስፌት ነበር። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ልዕልቲቱ በጋዙ የሚደርሰውን እልቂት ገልጸው ለእንግሊዝ አገር ሴቶች መልእክት ላኩ። ጩኸታቸው በዚያ አገር ጋዜጦች ተሰማ፤ መንግሥታቱ ግን እንዳልሰማ ሆኑ።

መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተሰባቸው በባቡር ወደ ጂቡቲ ወጡ። ከጂቡቲ ኢንተርፕራይዝ በሚባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ሃይፋ፣ ከሃይፋም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

እዚህ ላይ የኢሉባቦር ልጆች ቆም ብለን አንድ ነገር ማንሣት አለብን፤ ልጆቻችን ሲያነሡት አንሰማምና። ንጉሡ ከአገር ሲወጡ መንግሥት ጨርሶ አልጠፋም። መቀመጫው የት ሆነ ቢባል፣ ከዚህ ከመቱ በእግር የአንድ ቀን መንገድ በሆነችው በጎሬ ነው። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የዚህ መንግሥት አላፊ ሆነው እዚያው ተቀመጡ፤ ራስ እምሩም ከጎጃም ተነሥተው በወለጋ በኩል ጎሬ ደረሱ። በጎሬ የእንግሊዝ ቆንስል ስለነበረ፣ ቡናችንም በጋምቤላ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወጣ ስለነበረ፣ ከውጭ ዓለም ጋር የቀረችው አንዲት ቀጭን በር ይህችው የኛ በር ነበረች። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆችና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች በነቀምቴ የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቁመው በዚሁ በምዕራብ ተዋጉ። ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች። ራስ እምሩም በታኅሣሥ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተይዘው ወደ ጣሊያን ደሴት ተጋዙ። አባታችን በዚያ ወራት የነጋዴ በቅሎ የሚነዱ ጎረምሳ ነበሩ። በጎሬ ገበያ ዘውድ ያለበት ማኅተም የተመታበት ወረቀት ሲነበብ እንደሰሙ እስኪሞቱ ድረስ ይነግሩን ነበር።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ንጉሠ ነገሥቱ ከኢየሩሳሌም ወደ እንግሊዝ አገር ሲሄዱ ልዕልት ፀሐይን ይዘው ሄዱ። ለንደን የደረሱት ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ልጅቱ ለአባታቸው አስተርጓሚ ሆኑ። እስቲ አስቡት፤ የ16 ዓመት ልጅ ናት፣ አገሯ ተወስዷል፣ በባቡር ጣቢያ የተሰበሰበ ሕዝብ ይጮኻል፣ ጋዜጠኛ ይጠይቃል፣ የምታስተረጉመው ደግሞ የገዛ አባቷን ኀዘን ነው። (አንቱ ማለት እንደሚገባን እናውቃለን፤ ነገር ግን ያችን ልጅ ስናስባት አንቱታው ከአፋችን ያመልጣል፤ ይቅርታ ይደረግልን።) ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ተናገሩ። የሰጧቸው መልስ ግን ከንፈር መምጠጥ ነበር።

ቤተሰቡ ባዝ በምትባል ከተማ ፌርፊልድ የሚባል ቤት ገዝቶ ተቀመጠ። ባዝ እንደ አምቦ ፍል ውሃ ያላት ከተማ ናት። ኑሮው ግን የንጉሥ ኑሮ አልነበረም። የብር ዕቃ ሳይቀር እየተሸጠ፣ ከአገር የተሰደደው ካህንና መኰንን ሁሉ እየተጠጋበት፣ ለማገዶ እንኳ የሚታሰብበት ጊዜ ነበር። እቴጌ መነን ብርዱን አልቻሉትም፤ አብዛኛውን የስደት ዘመን በኢየሩሳሌም በጸሎት አሳለፉ።

ስደት በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የሩሲያው ንጉሥ የኒኮላስ እናት እቴጌ ማሪያ ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከተገደሉ በኋላ በሚያዝያ 1911 ዓ.ም. ከክራይሚያ ባሕር ዳርቻ የወጡት እንዲሁ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ነበር። በትውልድ አገራቸው በዴንማርክ እስኪሞቱ ድረስ ወደ ሩሲያ ተመልሰው አልገቡም። አብዛኞቹ የሩሲያ ልዕልቶች በሰው አገር ልብስ እየሰፉ፣ ጌጣቸውን እየሸጡ፣ ያለፈውን እያወሩ አረጁ። የኛይቱ ግን ሌላ መንገድ ያዙ።

ልዕልት ፀሐይ በተሰደዱ በጥቂት ወራት ውስጥ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ለነርስነት ተማሪ ሆነው ገቡ። ይህን ነገር ቀላል አድርገን እንዳናየው። በዚያን ጊዜ በአገራችን በሽተኛ ማጠብ፣ የሰውን ቁስልና እዳሪ መንካት የገረድ ሥራ ነበር። የባላባት ልጅ እንኳን የንጉሥ ልጅ አታደርገውም። የእንግሊዝ ተማሪ ነርስ ደግሞ በሆስፒታሉ ግቢ ትኖራለች፣ ማለዳ ትነሣለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ሌሊት ተረኛ ሆና ታድራለች፣ የክፍሏን ኃላፊ ነርስ እንደ ጦር አለቃ ትታዘዛለች። ደመወዙ ለሳሙና ከበቃ ትልቅ ነገር ነው። የጃንሆይ ልጅ ነጭ ሽርጥ አስረው የእንግሊዝ የድሃ ልጆችን ሲያጥቡና ሲያጠቡ ሦስት ዓመት ቆዩ።

በዚያው ሦስት ዓመት ውስጥ ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ ሁሉ መርዶ ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግራዚያኒ ሕዝቡን አስጨፈጨፈ። በዚያው ወር የታላቅ እኅታቸው የልዕልት ተናኘወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠውና የሌላዋ እኅታቸው የልዕልት ሮማነወርቅ ባል ደጃዝማች በየነ መርዕድ በጠላት እጅ ተገደሉ። ልዕልት ሮማነወርቅ ከነልጆቻቸው ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወሰዱና በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በቱሪን ከተማ አርፈው በዚያው ተቀበሩ። እኅት ለእኅት አልቅሳ አልቀበረችም። እኛ የእድር ሰዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ለቅሶ ያልተደረሰለት ሞት፣ ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን በሆድ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። መርዶ ሰምቶ በማግሥቱ ነጭ ሽርጥ አስሮ ተረኛ መግባት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ማሰብ ነው እንግዲህ።

ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. ልዕልቲቱ ፈተናቸውን አልፈው የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ዕድሜያቸው ገና 20 አልሞላም ነበር። በዘመናዊ መንገድ በነርስነት ሠልጥነው ከተመረቁት ኢትዮጵያውያን ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት ትልቁ ጦርነት በአውሮፓ ተነሣ። እሳቸው ግን ትምህርት በቃኝ አላሉም፤ ለአዋቂ በሽተኛ የሚሆነውን ሙያ ለመጨመር ጋይስ ወደሚባለው ሆስፒታል ገቡ። ለንደን በጀርመን አውሮፕላን ሌሊት ሌሊት የምትቃጠልበት ጊዜ ነበር።

በዚህ ዘመን አንዲት እንግሊዛዊት ወዳጅ ነበሯቸው። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ይባላሉ። እኚህ ሴት በወጣትነታቸው የአገራቸው ሴቶች በምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ሲታገሉ ብዙ ጊዜ የታሰሩ ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዕለት ቀን የተጻፈበት ጋዜጣ አቋቁመው ስለ ኢትዮጵያ ያለማቋረጥ ጻፉ። ስማቸውን አስታውሱልን፤ ወደ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን በኩል ዞረው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ተመልሰው ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ሰው እጅ እንዲነሣቸው አላደረጉም፤ ደሴ ሆስፒታል ሄደው በነርስነት ሠሩ። ከጦርነት የተረፈ አገር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ፣ ቁስለኛ በየደጁ ነው። በለንደን የተማሩት ሙያ ውሉን ያገኘው እዚያ ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ፋሲካ በዋለ በሦስት ሳምንት፣ ልዕልት ፀሐይ ለልጅ አቢይ አበበ ተዳሩ። ልጅ አቢይ ወጣት መኰንን ነበሩና በወለጋ አገረ ገዥነት ተሾመው ሙሽሪትን ይዘው ወደ ነቀምቴ ሄዱ። በነቀምቴ ልዕልቲቱ የሚያስቡት ሕክምና ለማቋቋም፣ በተለይ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሆን ነገር ለመጀመር ነበር።

አልሆነም። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ በተጋቡ አራት ወር ሳይሞላ፣ ልዕልት ፀሐይ በነቀምቴ አረፉ። ምክንያቱ ከእርግዝና ጋር የመጣ የደም መፍሰስ ነው። 22 ዓመት ከ10 ወር ነበሩ።

ነሐሴ በወለጋ ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም፤ ከኛ ነሐሴ አይለይም። ሰማዩ መሬት ነክቶ ይውላል፣ ጭቃው በቅሎ ይውጣል፣ ወንዝ ሁሉ ሞልቶ መሻገሪያ ያጣል። አባታችን በዚያ ሰሞን ቡና አድርሰው ነቀምቴ ላይ ዝናብ አግዷቸው ነበር። ከተማው በአንድ ጊዜ በለቅሶ እንደተናወጠ፣ ሴቶች በዝናብ ውስጥ ደረታቸውን እየመቱ እንደወጡ፣ እሳቸውም የማያውቋትን የንጉሥ ልጅ ቆመው እንዳለቀሱ ያወጉን ነበር። የገረማቸው ነገር አንድ ነው። በመርከብ ባሕር የተሻገረች፣ በፈረንጅ ሆስፒታል የተማረች፣ የበሽታን ስም ሁሉ የምታውቅ የንጉሥ ልጅ፣ የባላገር ሚስት በምትሞትበት ሞት ሞተች። ሙያው በእሳቸው እጅ ነበር፤ ነገር ግን እሳቸውን የሚያድን ሌላ እጅ አጠገባቸው አልነበረም። ደም የሚሰጥበት ቦታ፣ የሚቀዳጅ ሐኪም፣ በክረምት የሚያልፍ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ በታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም፣ ዐፄ ምኒልክ ባረፉበት ቤት ተቀበረ። ንጉሠ ነገሥቱ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ሴት ልጅ መቅበራቸው ነው፤ ከሦስቱ አንዷን እንዲያውም መቅበር አልቻሉም። ባላቸው ልጅ አቢይ ኋላ ሌላ ትዳር ይዘው ሌተና ጄኔራል ሆኑ። በኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ፣ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤትም ፕሬዚዳንት ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ባለሥልጣኖች መካከል ናቸው።

አሁን በመጀመሪያ ያቆየነውን እናውጋ። አባታችን በዓመቱ፣ በ1935 ዓ.ም.፣ ሴት ልጅ ወለዱና ስሟን ፀሐይ አሏት። በዚያን ጊዜ በወለጋና በኢሉባቦር ይህን ስም ያገኘች ሕፃን ብዙ ናት። ይህች ታላቅ እኅታችን ናት፤ እኛ የመጨረሻው ልጅ ስንሆን እሷ እንደ እናት አዝላ ያሳደገችን ናት። ተድራ ከመቱ ወጣ ብሎ ካለ ቡና አገር ገባች። ሁለት ልጅ በደኅና ወለደች። ሦስተኛውን በ1961 ዓ.ም. ክረምት ስታምጥ ሁለት ቀን ሙሉ አልመጣላትም። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ አንሥቷት ወደ መንገድ ወጣ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ዳር ላይ ቁጭ ብለው እስኪጎድል ጠበቁ። እኛ የአሥር ዓመት ልጅ ሆነን ከኋላ ፋኖስ ይዘን ተከትለናል። ውሃው ሳይጎድል እሷ አለፈች። ሕፃኑም አልተረፈም። ቃሬዛው ወደመጣበት ተመለሰ። ተሸካሚዎቹ ያው ናቸው፤ ስንሄድ የበሽተኛ ነበረ፣ ስንመለስ የአስከሬን ሆነ።

የዚህ እድር ጸሐፊ በነበርንበት ዘመን በመዝገቡ ላይ የሟች ስም፣ የሞተበት ቀንና ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብ ይጻፋል እንጂ የሞት ምክንያት የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረም። ቢሆንም እጃችን የጻፈውን ስናገላብጥ የትኛዋ ወጣት እናት በምን እንደሄደች እናውቃለን፤ የቀበርናት እኛ ነን።

ወደ ልዕልቲቱ መታሰቢያ እንምጣ። ወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክኸርስት የወዳጃቸውን ሞት ሲሰሙ አልቅሰው ዝም አላሉም። በእንግሊዝ አገር ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር አቋቋሙ፤ ጦርነት ያደኸየው የእንግሊዝ ሕዝብ ለሩቅ አገር ልጅ መታሰቢያ ሳንቲም አዋጣ። እኛ የእድር ሰዎች መዋጮ ምን ያህል እንደሚያለፋ እናውቃለንና ይህን ስናነብ ለእኚያ ሴት ከልብ ነው የተነሣንላቸው። ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1951 የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ነርሶችም የሚሠለጥኑበት ሆነ። ወይዘሮ ሲልቪያ ራሳቸው ኋላ ወደ አገራችን መጥተው ኖሩ፤ በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

በግንቦት 1951 ዓ.ም. ወደዚሁ ሆስፒታል ሁለት ሐኪሞች፣ ባልና ሚስት፣ መጡ። ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ይባላሉ፤ እሳቸው የኒውዚላንድ፣ እሳቸዋ የአውስትራሊያ ተወላጅ ናቸው። የመጡት አዋላጅ ነርሶችን ለማሠልጠን፣ ለሦስት ዓመት ውል ነበር። እንደደረሱ ግን ያላሰቡት በሽታ ገጠማቸው። ምጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲፈጅ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን አካል ተጭኖ ያቆስልና ቀዳዳ ይተዋል። እናቲቱ በሕይወት ብትተርፍም ሽንቷ ሳታውቀው ሌት ተቀን ይፈስሳል፤ ልጇ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ፊስቱላ የሚሉት ይህ ነው። ባል ይተዋታል፤ ሰው ሽታዋን ሸሽቶ ይርቃታል፤ ከጎተራ ጀርባ ጎጆ ተሠርቶላት ብቻዋን ትቀመጣለች። ይህችን ሴት ከየገጠሩ እየተመራች በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ደጅ ላይ አገኟት። ቀዶ ጥገናውን ከመጽሐፍና ከሌሎች ሐኪሞች እየተማሩ ይጠግኑ ጀመር። ሦስቱ ዓመት አልቆ ውሉ ቢፈርስም እነሱ አልሄዱም። እ.ኤ.አ. በ1974 ለዚሁ በሽታ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከፈቱ። ባልየው እ.ኤ.አ. በ1993 ሞቱ፤ ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ ከዚህ ሥራ አልተለዩም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከዚያ ሆስፒታል የተነሣው ሥራ እየሰፋ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋ ዓለም፣ በሐረር ቅርንጫፍ ከተከፈተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 እዚሁ መቱ ላይ የፊስቱላ ማዕከል ተከፈተ። ሁላችሁም በደጁ አልፋችኋል። ከዳሪሙ፣ ከአሌ፣ ከቡሬ፣ ከያዮ እናቶች ሲመጡ በመናኸሪያ አይታችኋል። የልዕልት ፀሐይ ሞት ነቀምቴ ላይ፣ የሆስፒታሉ መሠረት አዲስ አበባ ላይ፣ የሥራው ጫፍ ደግሞ በኛ ደጅ ነው። ይህን ክር ይዘን የተከታተልነው ጡረታ ከወጣን በኋላ ነው፤ ቀድሞ ጊዜም አልነበረን፣ የሚያስነብበንም አላገኘንም።

የሆስፒታሉ ነገር ሲነሣ፣ ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። በአዲስ አበባ ያ ሰፈር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል፤ የታክሲ ረዳቶች ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች እያሉ ሲጣሩ አንድ ቀን ተሳፍረን አጠገባችን የተቀመጠውን ወጣት ቀድሞ ስሙ ማን ይባል እንደነበር ብንጠይቀው አላወቀም። አልፈረድንበትም። ወታደርም ቢሆን ይታመማል፣ ይታከማል፤ ሆስፒታልነቱ አልተለወጠም። ብቻ ለልጅቱ ስም ትንሽ አዘንን።

እኅታችን የተቀበረችበት ቦታ ላይ ዛሬ ቡና በቅሏል። ከሁለቱ ልጆቿ አንዱ በዚሁ እድር አባል ነው፤ ስሙን ባንጽፍ ይመርጣል። የእሱ የልጅ ልጅ ባለፈው ሚያዝያ ሲወለድ ምጡ ጠንክሮ በአምቡላንስ መጥተው እናቲቱ ተቀድዳ በደኅና ተገላገለች። አዋላጇ ነርስ የዚሁ የኢሉባቦር ልጅ ናት። ወንዙ ላይ አሁን ድልድይ አለ፤ እኛም ሕፃኑን ልናይ በእሱ ላይ አልፈን ሄደናል።

በ1934 ዓ.ም. ክረምት በነቀምቴ ወይም በመንገዱ የነበረ አባት ወይም አያት ያላችሁ፣ ከእነሱ የሰማችሁት ካለ ወይም ፎቶግራፍ የቀረ ካለ፣ በወሩ መጨረሻ እሑድ በሚደረገው ስብሰባ ይዛችሁልን ብትመጡ ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት እንጨምረዋለን። ፎቶግራፉን ገልብጠን ለባለቤቱ በፊርማ እንመልሳለን።